ስቴሮይድ አልሠራ ያለው አስም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ምልክቱ የታወቀ ነው። የስቴሮይድ ኢንሄለር (የአየር ቧንቧን እብጠት የሚቀንስ፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ከተጀመረ ወራት አልፈዋል፤ ታካሚው ግን ሌሊት ሳል ይቀሰቅሰዋል፣ ደረቱ ያፏጫል፣ ፈጣን ማስታገሻውን ሳልቡታሞልንም ከእጁ አይለይም። ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚደረገው መጠኑን መጨመር ነው። ይህ ስህተት ነው፤ አስቀድሞ መድኃኒቱ ሳንባ መድረሱ ይረጋገጥ።

ደጋግሞ የሚገኘው ችግር አወሳሰዱ ነው። «አውቅበታለሁ» የሚል መልስ አይበቃም፤ ታካሚው የራሱን ኢንሄለር ይዞ መጥቶ ፊት ለፊት ይጠቀምበት። ሲጫነው ከአፉ ወይም ከአፍንጫው ነጭ ጉም ብን ካለ መድኃኒቱ ባክኗል። አንዱ ተጭኖ ሲያበቃ ነው መሳብ የሚጀምረው፤ ሌላው በኃይል ይምገውና ርጭቱ ጉሮሮው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ በደንብ ነቅንቆ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ አፉን ገጥሞ፣ በዝግታ መሳብ ሲጀምር አንዴ መጫን፤ ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ መሳቡን መቀጠል፤ ትንፋሽን 10 ሴኮንድ መያዝ። ለሁለተኛው ርጭት ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ጠብቆ እንደገና ይነቅንቅ። ሲጨርስ ተጉመጥምጦ ይትፋ፤ አለዚያ አፉ ውስጥ ፈንገስ ይወጣል። የዱቄት ኢንሄለር ግን ተቃራኒው ነው፦ በፍጥነትና በኃይል ይሳባል፤ ወደ ውስጡ ከተነፈሱበት ዱቄቱ ይረጥባል።

መጫንና መሳብን ማቀናጀት ያቃተው ሰው ስፔሰር (ኢንሄለሩ ላይ የሚገጠም፣ ርጭቱን የሚይዝ የፕላስቲክ ቱቦ) ይጠቀም። በአንድ ጊዜ አንድ ርጭት ብቻ! ደግሞ ስፔሰሩን በጨርቅ አትወልውሉት፤ ፕላስቲኩ በኤሌክትሪክ ይሞላና መድኃኒቱን ግድግዳው ላይ ያስቀራል። በሳሙና ውሃ አጥባችሁ በራሱ ይድረቅ።

ቀጥሎ ቁጠሩ። 200 ርጭት ያለው ኢንሄለር በቀን 4 ጊዜ ከተረጨ በ50 ቀን ያልቃል። በሦስተኛው ወር ያው ዕቃ እጁ ላይ ካለ፣ ወይ እየዘለለ ነው፣ ወይ መድኃኒቱ አልቆ ጋዝ ብቻ እየሳበ ነው። ቆጣሪ የሌለው ኢንሄለር በዚህ ያታልላል፤ ውሃ ላይ ማንሳፈፍም አስተማማኝ መለኪያ አይደለም። ስቴሮይድ እንደ ሳልቡታሞል ወዲያው እፎይ ስለማያሰኝ ነው ብዙዎች የሚተዉት።

ሲጋራ የስቴሮይድን ጉልበት ይሰብራል፤ አጫሹ ካላቆመ መጠን መጨመሩ ብዙም አይፈይድም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ እንዲሁም የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን ፕሬድኒሶሎንን (የሚዋጠውን ስቴሮይድ) ከሰውነት ቶሎ ያስወግዳሉ። የልብና የደም ግፊት መድኃኒቱ ፕሮፕራኖሎል፣ የግላኮማ (የዓይን ግፊት) መድኃኒቱ የቲሞሎል የዓይን ጠብታ ሳይቀር፣ የአየር ቧንቧን ያጠብባል፤ የዓይን ጠብታን መጠየቅ አይረሳ። የልብ ድካም ወይም የድምፅ አውታር መጥበብ አስም መስሎ ሊታይ ይችላል።

እውነተኛው ለስቴሮይድ አለመገዛት ብርቅ ነው፦ በቀን 40 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ለ2 ሳምንት ተወስዶም በኃይል ሲተነፈስ በመጀመሪያው ሴኮንድ የሚወጣው አየር ከ15 በመቶ በታች ሲሻሻል። ያኔ የደም ኢኦሲኖፊል (በአለርጂ ጊዜ የሚበዛ የነጭ ደም ሕዋስ) ይታይ፤ ከፍ ካለ የባዮሎጂካል መርፌዎች (እብጠቱን የሚቀሰቅሱ የሰውነት ፕሮቲኖችን የሚያግዱ) ሊጠቅሙ ይችላሉ፤ ኒውትሮፊል (ሌላ የነጭ ደም ሕዋስ) የበዛበት አስም ግን ለስቴሮይድ እምብዛም አይገዛም። ፕሬድኒሶሎንን ከ3 ሳምንት በላይ የወሰደ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ በአንዴ አያቁም፤ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀንስ።