በፖሊሲ ዳታ ሃካቶን ላይ የ48 ሰዓት አጠቃቀም

በፖሊሲ ላይ ባተኮረ የዳታ ሃካቶን (ቡድኖች በአጭር ጊዜ ዳታ ተንትነው ምክረ ሐሳብ በሚያቀርቡበት ውድድር) የተማሪ ቡድኖች በብዛት የሚሸነፉት ኮድ መጻፍ አቅቷቸው አይደለም። ሞዴሉ (ከዳታ ተምሮ የሚተነብየው ፕሮግራም) ይሠራል፣ ግራፉም ያምራል፤ ዳኞቹ «ታዲያ ማን ምን ያድርግ?» ብለው ሲጠይቁ ግን መልስ ይጠፋል። ስለዚህ ዳታው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ውሳኔው የማን እንደሆነ፣ ምን ምርጫ እንዳለውና አቅሙ እስከ ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። «ትምህርት ማቋረጥን መተንተን» ጥያቄ አይደለም። «የትምህርት መሥሪያ ቤቱ በመጪው ዓመት በ20 ትምህርት ቤቶች ብቻ ምገባ መጀመር ቢችል የትኞቹን ይምረጥ?» ግን ጥያቄ ነው። መልሱ የ20 ትምህርት ቤቶች ዝርዝር መሆኑ ከወዲሁ ስለሚታወቅ ሥራው ሁሉ ወደዚያ ያመራል።

አራት ሰው ይበቃል። አንዱ ዳታ ያጸዳል፣ አንዱ ይተነትናል፣ አንዱ የዘርፉን መመሪያና ሪፖርት ያነባል፣ አንዱ ደግሞ አቀራረቡን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ያዘጋጃል። ብዙ ቡድን አንባቢውን ይዘለዋል፤ ይህ ትልቅ ስህተት ነው። «ያቋረጠ» የተባለው ተማሪ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረውን ይጨምር እንደሆነ የሚያውቀው መመሪያውን ያነበበ ሰው ነውና።

ሰዓቱን እንዲህ ክፈሉት፦ የመጀመሪያዎቹ 4 ሰዓታት ለጥያቄው፣ እስከ 18ኛው ዳታ ለማጽዳትና ለማጣመር፣ እስከ 32ኛው ለትንተና። ከ36ኛው በኋላ ስህተት ይታረማል እንጂ አዲስ ነገር አይጨመርም። ተራ በተራ ተኙ።

ውድድሩ የሚበላሸው በአብዛኛው ጽዳቱ ላይ ነው። ዋናውን ፋይል አትንኩት፤ ለውጡ ሁሉ በኮድ ይሁን። የትምህርት ቤት መለያ ኮዶችን እንደ ጽሑፍ አንብቡ፤ ፋይሉ በኤክሴል ሲከፈት 0412 የነበረው 412 ይሆንና ከሌላው ሠንጠረዥ ጋር አልገጥም ይላል። ሁለት ሠንጠረዥ ባጣመራችሁ ቁጥር ረድፎቹን ከፊትም ከኋላም ቁጠሩ። 320 የነበረው 291 ከሆነ የጠፉትን 29 አንድ በአንድ እዩ፤ አዲስ የተከፈቱ ወይም ስማቸው የተቀየረ ትምህርት ቤቶች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ምገባውም ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእነሱ ሊሆን ይችላል። ረድፉ ከጨመረ ደግሞ አንድ መለያ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል ማለት ነው።

በዕድሜ ዓምድ ውስጥ 99፣ 999 ወይም -9 ካያችሁ «መረጃ የለም» ለማለት የገባ ምልክት መሆኑን ከመግለጫ ሰነዱ አረጋግጡ፤ አለዚያ አማካዩን ያዛባዋል። ባዶ ቦታንም በዜሮ አትሙሉ። ሪፖርት ያላከ ትምህርት ቤት ማንም ያላቋረጠበት ትምህርት ቤት አይደለም። የቤተሰብ ጥናት ዳታ ከሆነ የናሙና ክብደቱን (እያንዳንዱ መላሽ ስንት ሰው እንደሚወክል የሚያሳየውን ቁጥር) ተጠቀሙ፤ ጥናቱ ለክልል ደረጃ ተነድፎ ከሆነም ወደ መንደር አታውርዱት።

ቀጥሎ አካፋዩን አስቡ። ከ2,000 ተማሪዎች 40 ያቋረጡበት ትምህርት ቤት 2 በመቶ ነው፤ ከ300 ተማሪዎች 18 ያቋረጡበት 6 በመቶ ነው። በጥሬ ቁጥር ብትደረድሩ ትልቁ ይቀድምና የባሰው ይረሳል። በመቶኛ ስትደረድሩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ 25 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት 3 ልጆች ሲያቋርጡበት 12 በመቶ ይደርሳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ግን ዜሮ ሊሆን ይችላል። የደረጃው አናትም ግርጌም በትናንሾቹ ይሞላል። የሦስት ዓመት ዳታ ደምሩ ወይም ትናንሾቹን ለብቻ አሳዩ።

ሞዴል የግድ ካስፈለገ በቀላሉ ጀምሩ። በቀደሙት ዓመታት አሠልጥናችሁ በመጨረሻው ዓመት ፈትኑት፤ በዘፈቀደ ከከፈላችሁት የኋለኛው ዓመት መረጃ ወደ ማሠልጠኛው ይገባና ውጤቱ ያለ አግባብ ያምራል። እንደ ዓመት መጨረሻ ፈተና ያለ፣ ውሳኔው በሚሰጥበት ጊዜ ገና የማይታወቅ ዓምድ አውጡ። ከ100 ተማሪ 5 ብቻ የሚያቋርጡ ከሆነ «ማንም አያቋርጥም» የሚል ሞዴልም 95 በመቶ ትክክል ነው፤ ስለዚህ ለዳኞች የምትናገሩት በመረጣችኋቸው 20 ትምህርት ቤቶች ውስጥ ከሚያቋርጡት ስንቱ እንደሚገኝ ይሁን።

ከዳታው ስም መሰረዝ ብቻውን ሰውን አይሸሽግም። የግል መረጃ ጥበቃ ተመራማሪዋ ላታንያ ስዊኒ የ1990ውን የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ተጠቅማ እንዳሰላችው የልደት ቀን፣ ጾታና ባለ አምስት አኃዝ የፖስታ ኮድ ብቻ 87 በመቶ ያህሉን ሕዝብ ለይተው ሊያሳውቁ ይችላሉ። በሠንጠረዣችሁ ውስጥ ከ10 በታች የሆኑ ቁጥሮችን አጣምሩ፤ የአዘጋጆቹ ደንብ ጠበቅ ያለ ከሆነ እሱን ተከተሉ።

አምስት ደቂቃ ከተሰጣችሁ ምክረ ሐሳቡን በመጀመሪያው ደቂቃ ተናገሩ፤ አንድ ግራፍ፣ ወጪው፣ የዳታው ጉድለትም ይከተሉ። ስላይዱን በፒዲኤፍም ያዙ። ለአንድ ጥያቄ ግን አስቀድማችሁ ተዘጋጁ፦ «21ኛው ትምህርት ቤት ከ20ኛው በምን ያንሳል?» መስፈርቶቻችሁን ጥቂት ከፍና ዝቅ እያደረጋችሁ ዝርዝሩን ደግማችሁ አውጡ። ከ20ው 17ቱ በየጊዜው ከተመለሱ ቁጥሩን ተናገሩ፣ የቀሩትን 3 ደግሞ ባለሙያ በአካል ሄዶ እንዲያያቸው ምከሩ። 8 ብቻ ከተመለሱ ዝርዝሩ ገና ለውሳኔ አልደረሰም፤ ያንኑ በግልጽ ተናግራችሁ የትኛው ዳታ ቢሰበሰብ እንደሚጠራ አሳዩ።