ደቂቃ የሚፈጅ ፎቶ በትልቁ ፊልም ካሜራ እንዴት ይነሳል?

እ.ኤ.አ. በ1838 ሉዊ ዳጌር ፓሪስ ውስጥ ቡሌቫር ዱ ቶምፕል የሚባለውን ጎዳና ከላይ ሆኖ ፎቶ አነሳ። ሰውና ጋሪ የሚርመሰመስበት ጎዳና ነው። ፎቶው ላይ ግን ጭር ብሏል። ምስሉ እስኪቀረጽ ደቂቃዎች ስለፈጀ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ጠፋ። ጎልቶ የቀረው ጫማውን ሊያስጠርግ የቆመ አንድ ሰው ነው፣ ከነሊስትሮው።

በ4 በ5 ኢንች ፊልም ካሜራ ዛሬም ይህንኑ መሥራት ይቻላል። ፈተናው ሰዓቱና ሻተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መክፈቻና መዝጊያ፣ ላይ ነው።

መጀመሪያ ትራይፖዱን አደላድሉ። የካሜራው ቤሎውስ፣ ያ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈው ክፍል፣ ነፋስን እንደ ሸራ ይይዛል። ስለዚህ የትራይፖዱን እግር ብዙ አታስረዝሙ። ሌንሱን ከፍታችሁ፣ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንባችሁ ፎከስ አድርጉ።

ከዚያ ሌንሱን ዝጉት! ይህን የማያውቅ የለም፣ የማይረሳም የለም። ሌንሱ ክፍት እያለ የፊልም ሆልደሩን፣ ያ ፊልሙ የሚቀመጥበትን ጠፍጣፋ መያዣ፣ ሽፋን የሳበ ሰው ፊልሙን አቃጠለ ማለት ነው። እኔ በዚህ ስንት ፊልም እንዳቃጠልኩ አልናገርም።

ቀጥሎ አፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ለምሳሌ ኤፍ 22 ላይ አድርጉና ብርሃኑን ለኩ። ላይት ሜትሩ 10 ሰከንድ አለ እንበል። 10 ሰከንድ ግን አይበቃም። በደብዛዛ ብርሃን ፊልም ይሰንፋል። የፊልም አምራቹ ኢልፎርድ ኤፍፒ4 ፕላስ ለተባለው ፊልሙ የሚሰጠው ስሌት ቀላል ነው፤ ከ1 ሰከንድ በላይ ከሆነ የተለካውን ሰከንድ በ1.26 ፓወር ከፍ ማድረግ። የስልክ ካልኩሌተር ይሠራዋል። 10 ሰከንድ 18 ይሆናል፣ 30 ወደ 73፣ 60 ደግሞ ወደ 3 ደቂቃ ይጠጋል። ሌላ ፊልም ከሆነ ቁጥሩም ሌላ ነው።

ቅርብ ነገር የምታነሱ ከሆነ ቤሎውሱ ይረዝማል፣ ብርሃኑም ይሳሳል። የ150 ሚሊሜትር ሌንስ ከፊልሙ 300 ሚሊሜትር ከራቀ ሰዓቱ በ4 ይባዛል። መጀመሪያ ይህን አባዙ፣ የስንፍናውን ስሌት ከዚያ በኋላ ሥሩ።

አሁን ሻተሩ። አብዛኛው የትልቅ ካሜራ ሻተር ሌንሱ ውስጥ ነው ያለው፣ በራሱ የሚቆጥረውም ቢበዛ እስከ 1 ሰከንድ ነው። ከዚያ በላይ ቢ (B) እና ቲ (T) የሚባሉ ምርጫዎች አሉ። ቢ ላይ ሻተሩ የሚከፈተው ጣታችሁ እስከተጫነ ድረስ ብቻ ነው። ቲ ላይ አንዴ ሲጫኑት ይከፈታል፣ ሲደግሙት ይዘጋል። ለደቂቃዎች ቲ ይሻላል። ቲ ከሌለው ቢ ላይ አድርጋችሁ የሚቆለፍ ኬብል ሪሊዝ፣ ማለትም ሻተሩን በጣት ፋንታ የሚጫን ገመድ፣ ተጠቀሙ።

እኔ ግን ከሻተሩ ይልቅ ጥቁር ካርቶን አምናለሁ። ሆልደሩን ካስገባችሁ በኋላ ሽፋኑን ሳቡ። ካርቶኑን ሌንሱን ሳይነካ ከፊቱ ያዙና ሻተሩን ክፈቱ። ንዝረቱ እስኪበርድ ጥቂት ጠብቁ። ከዚያ ካርቶኑን አንሱ፣ ቁጠሩ። ነፋስ ሲመጣ ወይም የመኪና መብራት ሲያልፍ መልሳችሁ ጋርዱ፣ ቆጠራውንም አቁሙ። ሲያልፍ ካቆማችሁበት ቀጥሉ። ከ18 ሰከንድ ላይ ግማሽ ሰከንድ ብትሳሳቱ ለውጡ አይታይም። ሻተር የሌለው አሮጌ ሌንስም በዚህ መንገድ ይሠራል፤ ክዳኑ ራሱ ሻተር ይሆናል።

ሰዓቱ ሲሞላ ጋርዱ፣ ሻተሩን ዝጉ፣ የሆልደሩን ሽፋን መልሱ። ብዙውን ጊዜ የሽፋኑ ጫፍ አንዱ ገጽ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ነው። ጥቁሩን ወደ ውጭ አዙሩት። «ይሄ ተነስቷል» ማለት ነው። አለዚያ ነገ በዚያው ፊልም ላይ ሌላ ፎቶ ትደርቡበታላችሁ።