የማገዶ ምድጃውን ቦታ ከጣሪያ ጀምራችሁ ፈልጉ

ቤት ስታድሱ የማገዶ ምድጃ ለማስገባት ካሰባችሁ ቦታውን በሶፋው አቀማመጥ አትወስኑ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ነበር። ምድጃውን ጥግ ላይ አስቀመጥሁት፤ ጭስ ማውጫው ግድግዳውን በስቶ ወጣና በውጭ በኩል ሽቅብ ሄደ። ቱቦው ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያድርና ጠዋት እሳት ስለኩስ ጭሱ ወደ ሳሎን ይመለስብኛል። አንድ ቀን ከቱቦው መጋጠሚያ ሥር ቡናማ፣ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ነገር በግድግዳው ላይ ሲወርድ አየሁ። ክሪዮሶት ይባላል። ጭሱ ቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ይረጋል፤ ሲጠራቀም ደግሞ ከምድጃው በሚወጣው ሙቀት ይቀጣጠላል፤ የብዙ ቤቶች ቃጠሎ መነሻም ይኸው ነው።

በኋላ ቤቱን ሳድስ ኮርኒሱ ተነቅሎ ስለነበር መጀመሪያ የወጣሁት ጣሪያው ሥር ነው። ወደ ጣሪያው ከፍተኛ ጫፍ በቀረበው በኩል፣ በሁለት ወራጆች (ጣሪያውን በሚሸከሙ እንጨቶች) መካከል ሰፊ ክፍተት ፈልጌ ቱንቢ (ክብደት የታሰረበት ገመድ) ለቀቅሁ፤ ያረፈበትንም ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። በቤቱ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቱቦ ሙቀቱን ይይዛል፤ የሞቀ ቱቦ ደግሞ ጭሱን በደንብ ይስባል። መታጠፊያ ግድ ከሆነ ከሁለት አይብለጥ። የቱቦው ጫፍ፣ ቱቦው ጣሪያውን ከሚበሳበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ማንኛውም ነገር ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ምድጃውን በጣሪያው ዝቅተኛ ጠርዝ ሥር ካደረጋችሁት ብርድ የሚመታው ረጅም ቱቦ ይተርፋችኋል።

ከግድግዳ ያለውን ርቀት የሚወስነው ከምድጃው ጋር የሚመጣው መመሪያ ነው። መመሪያ የሌለው አሮጌ ምድጃ ከሚቃጠል ነገር ሁሉ 91 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በእንጨት ግድግዳ ላይ ሴራሚክ ለጥፎ አደጋው ያለፈ ሲመስለው ነው። ሙቀቱ ሴራሚኩን አልፎ ከኋላው ያለውን እንጨት ለዓመታት ያደርቀዋል። መከለያ ካስፈለገ ከግድግዳው 2.5 ሴንቲ ሜትር ይነሣ፤ አየር እንዲዘዋወርም ከታችና ከላይ ክፍት ይሁን። ከምድጃው በር ፊት ለፊት ያለው ወለል ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር ድረስ በማይቃጠል ነገር ይሸፈን። ግንባታው ሳይጀመር የአካባቢያችሁን የግንባታ ደንብ ጠይቁ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ግዙ።

ከዚያ በምድጃው ልክ ካርቶን ቆርጣችሁ ምልክቱ ላይ አንጥፉና አንድ ሳምንት አብራችሁት ኑሩ። ማገዶ ታቅፋችሁ ከውጭ ግቡ፤ በሩን እንደምትከፍቱ አስመስሉ። እኔ በሦስተኛው ቀን ልጄ ከመኝታ ቤት እየሮጠች ስትወጣ ካርቶኑን ረግጣ አለፈች። የዚያኑ ዕለት ምልክቱን ደመሰስሁና ቱንቢውን ይዤ ወደ ቀጣዮቹ ወራጆች ተመለስሁ።