የሼንገን ቪዛ ይዞ ሬዩኒዮን መግባት ለምን አይቻልም? ችግርና መፍትሄ

ሬዩኒዮን ከማዳጋስካር በስተምሥራቅ፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ የፈረንሳይ ደሴት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ የፈረንሳይ ክፍለ ግዛት ሆና ትተዳደራለች፤ መገበያያዋ ዩሮ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት አካልም ናት። በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ካነሱት የአውሮፓ አገሮች ስብስብ፣ ከሼንገን ቀጠና፣ ግን ውጭ ናት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ወደዚያ ሲነሣ የሚገጥመው እንቅፋት አብዛኛው የሚመጣው ከዚህች አንድ ነገር ነው። ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የእርስዎ ጉዳይ ከሚከተሉት የትኛው እንደሆነ ይለዩ።

ቪዛው አለ፤ ቼክ-ኢን ላይ ግን «በዚህ አይሳፈሩም» ተባለ

ፓስፖርቱን ይክፈቱና የቪዛውን ስቲከር ያንብቡ። ከላይ «ቫላብል ፑር» የሚል ፈረንሳይኛ አለ፤ «የሚያገለግለው ለ» ማለት ነው። ከጎኑ ያለው «ኤታ ሼንገን» ብቻ ከሆነ ቪዛው የሚሠራው አውሮፓ ምድር ላይ ላሉት የሼንገን አገሮች ነው። ፓሪስ ያስገባል፤ የሬዩኒዮን ዋና ከተማ ሳን ዴኒ አያስገባም። ቪዛውን የሰጠው የፈረንሳይ ቆንስላ ራሱ መሆኑ ብቻ ይህን አይለውጠውም። አየር መንገዱም የመግቢያ ደንቡን የሚያየው ለደሴቷ ለብቻዋ ነው፤ ተገቢ ቪዛ የሌለውን ሰው ቢያሳፍር የሚቀጣው እሱ ስለሆነ ቼክ-ኢን ላይ ልመና አይሠራም።

መፍትሄው ከማመልከቻው ይጀምራል። የፈረንሳይ መንግሥት የቪዛ ድረ ገጽ ላይ መድረሻ ሲጠየቁ ሬዩኒዮንን ይምረጡ፤ «ፈረንሳይ» ብሎ ማለፍ ነው ስህተቱን የሚያመጣው። ፓሪስም የሚቆዩ ከሆነ ሁለቱንም ያስታውቁ፦ በማመልከቻው፣ በማብራሪያ ደብዳቤው፣ በቀጠሮው ቀን ደግሞ በቃል። ፓስፖርቱ ሲመለስልዎ መስኮቱ ላይ እንደቆሙ ያችን መስመር ያንብቡ። ሬዩኒዮንን ወይም የፈረንሳይን የባሕር ማዶ ክፍለ ግዛቶች የሚጠቅስ ቃል ከሌለ ከዚያ ሳይንቀሳቀሱ ይጠይቁ። ደሴቷ ላይ ሲደርሱ የሚመታ ቪዛ የለም።

ሌሎቹ የፈረንሳይ የባሕር ማዶ ክፍለ ግዛቶች፣ ማዮት፣ ማርቲኒክ፣ ጓድሉፕና የፈረንሳይ ጉያናም፣ እንደ ሬዩኒዮን ከሼንገን ውጭ ናቸው። በአንጻሩ የስፔን ካናሪ ደሴቶች፣ የፖርቱጋል ማዴራና አዞረስ ሼንገን ውስጥ ስለሆኑ በተለመደው የሼንገን ቪዛ ይገባባቸዋል። «የአውሮፓ ደሴት» በሚል ሁሉንም አንድ ላይ መደመር ብዙ ሰው ያስታል።

ሬዩኒዮን ገብተው ሲመለሱ ፓሪስ አላስገባም

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ችግሩ የሚታወቀው ከጉዞው መሐል ስለሆነ። መንገዱ ከአዲስ አበባ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ሳን ዴኒ፣ ከሳን ዴኒ ፓሪስ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ነው እንበል። ፓሪስ ሲያርፉና ከአየር ማረፊያ ሲወጡ አንድ መግቢያ ተቆጠረ። ወደ ሳን ዴኒ ሲበሩ፣ ምንም እንኳ ከፈረንሳይ ወደ ፈረንሳይ ቢሄዱ፣ ከሼንገን ወጡ። ሲመለሱ ፓሪስ ሁለተኛ መግቢያ ነው። ስቲከሩ ላይ የመግቢያ ብዛት በሚለው ሳጥን ውስጥ 01 ከተጻፈ ያ መግቢያ አልቋል፤ የሬዩኒዮኑ ፈቃድ ደግሞ ለፓሪስ አይሠራም።

ስለዚህ የሼንገኑን ክፍል ሲያመለክቱ ሁለት ወይም ብዙ መግቢያ ይጠይቁ። በደብዳቤው ላይ የአራቱንም በረራ ቀን በተርታ ይጻፉ፤ ጉዳዩን የሚያየው ሠራተኛ ለምን ሁለት መግቢያ እንደፈለጉ ከዚያ ይረዳል። ሳጥኑ ውስጥ 02 ወይም «ሙልት» (ብዙ መግቢያ ማለት ነው) የሚል መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ቲኬቱን ይክፈሉ።

ከዚሁ ጋር አንድ የሚጠቅም ነገር አለ። የሼንገን ደንብ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን መቆየት ይፈቅዳል፤ ሬዩኒዮን የሚያሳልፉት ቀን ከዚያ ላይ አይቀነስም፤ ደሴቷ የራሷ ቆጠራ አላት።

ፓሪስ ላይ አውሮፕላን ብቻ እለውጣለሁ የሚል መንገደኛ ተከለከለ

ኢትዮጵያ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቅባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ከመንገደኞች ማቆያው ሳይወጣ ቢያልፍም ይህ ቪዛ ያስፈልገዋል። ነፃ የሚሆነው የሚሠራ የሼንገን ቪዛ ወይም መኖሪያ ፈቃድ ያለው፣ ወይም እንደ አሜሪካ ግሪን ካርድ ያለ በደንቡ የተጠቀሰ ሰነድ የያዘ ነው።

ቀጥሎ የአየር ማረፊያው ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፓሪስ የሚያርፈው ሻርል ደ ጎል አየር ማረፊያ ነው፤ ወደ ሬዩኒዮን ከሚበሩት ውስጥ ግን ከሌላው የፓሪስ አየር ማረፊያ፣ ከኦርሊ፣ የሚነሱ አሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ ከተማውን አቋርጦ መውጣት ግድ ነው፤ ያ ደግሞ ፈረንሳይ መግባት ስለሆነ የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ አይበቃም፣ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል። በሁለት የተለያየ ቲኬት ሲጓዙም ሻንጣዎን ተቀብለው እንደገና ለማስመዝገብ የግድ ከወጡ ያው ነው። ቲኬቱ ላይ መነሻና መድረሻ አየር ማረፊያውን በስሙ ያመሳክሩ። ከአውሮፓ ውጭ በሞሪሺየስ፣ በጆሃንስበርግ ወይም በአንታናናሪቮ በኩልም ወደ ደሴቷ በረራ አለ፤ በእነዚህ ሲሄዱ የሼንገን ጣጣ ይቀራል፤ የሚያልፉበትን አገር የትራንዚት ደንብ ግን ለብቻው ያጣሩ።

የመኖሪያ ፈቃድ ይዤ ቪዛ ለምን እጠየቃለሁ?

መልሱ ፈቃዱን በሰጠው አገር ይለያያል። በዋናዋ ፈረንሳይ የተሰጠ የመኖሪያ ካርድ ወይም ረጅም ቪዛ ያለው ሰው ወደ ሬዩኒዮን ለአጭር ጊዜ ለመሄድ ሌላ ቪዛ አይጠየቅም፤ ካርዱና ፓስፖርቱ ጊዜያቸው ያላለፈ መሆን አለበት። ማዮት ላይ የተሰጠ ካርድ ግን በመሠረቱ ለማዮት ብቻ የተወሰነ ስለሆነ ወደ ሬዩኒዮን ለመሻገር የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ጀርመን፣ ጣልያን ወይም ስዊድን የሚኖሩ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የእነዚህ አገሮች ካርድ በሼንገን ውስጥ ያንቀሳቅሳል፤ ሬዩኒዮን ሼንገን ስላልሆነች አይሸፍናትም። የአሜሪካ ግሪን ካርድም ትራንዚቱን ያቀልላል እንጂ የደሴቷን ቪዛ አያስቀርም። ሳዑዲ ወይም ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ኢቃማው ወይም የነዋሪነት ቪዛው በራሱ አያስገባችሁም፤ የሚጠቅመው እዚያው በምትኖሩበት አገር ባለው የፈረንሳይ ቆንስላ ለማመልከት ነው።

ማመልከቻው «ያልተሟላ» ተብሎ ተመለሰ

በመጀመሪያ ኢንሹራንሱን ይመልከቱ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ይጠየቃል። ብዙዎቹ ፖሊሲዎች ግን የሽፋን ክልል በሚለው መስመር ላይ «የሼንገን አገሮች» ብቻ ነው የሚሉት። ገንዘቡ በቂ ሆኖ ቦታው ጎደለ ማለት ነው። «መላው ዓለም» የሚል ወይም ሬዩኒዮንን በስም የሚጠቅስ ፖሊሲ ያስጽፉ፤ ዋጋው ጥቂት ቢጨምርም እዚያ ቢታመሙ የሚያሳክምዎ እሱ ነው።

ዘመድ ዘንድ የሚያርፉ ከሆነ የጋባዡ ተራ ደብዳቤ አይበቃም። ጋባዡ የሚኖርበት ኮሚዩን (የፈረንሳይ አነስተኛው የአስተዳደር ክልል) ማዘጋጃ ቤት ቀርቦ የማረፊያ ማረጋገጫ ማውጣት አለበት። ሬዩኒዮን 24 ኮሚዩኖች አሏት፤ ሳን ፒየር የሚኖር ሰው ሳን ዴኒ ሄዶ አያወጣም። ኦሪጅናሉ እጅዎ መድረስ ስላለበት የፖስታውን ቀን አስቀድመው ያስቡ። የፈረንሳይ የቀን ወጪ መለኪያም ከማረፊያው ጋር የተያያዘ ነው፦ በዚህ ማረጋገጫ በቀን 32.50 ዩሮ፣ በሆቴል ቦታ ማስያዣ 65፣ ምንም ማስያዣ ከሌለ 120። ለ10 ቀን ሆቴል የያዘ ሰው ቢያንስ 650 ዩሮ ማሳየት አለበት። የባንክ ስቴትመንቱ ላይ ከማመልከቻው ሁለት ቀን በፊት ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ካለ፣ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ያያይዙ።

ፓስፖርቱ ከተሰጠ 10 ዓመት ያላለፈው፣ ከጉዞው ማብቂያ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት።

የስምና የቀን ነገር የእኛው የራሳችን ወጥመድ ነው። እኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንላለን፤ ፎርሙ የሚያውቀው የቤተሰብ ስምና የግል ስም ብቻ ነው። ግምት አያስፈልግም፦ የፓስፖርቱ የፎቶ ገጽ ታች ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች ይመልከቱ። በላይኛው ላይ ከአገሩ ኮድ ቀጥሎ እስከ ሁለቱ ተከታታይ የቀስት ምልክቶች ድረስ ያለው የቤተሰብ ስም፣ ከዚያ በኋላ ያለው የግል ስም ነው። ፎርሙን፣ ኢንሹራንሱን፣ ሆቴሉንና ቲኬቱን በዚሁ ቅደም ተከተልና በዚሁ ፊደል ይሙሉ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና የልደት የምስክር ወረቀት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ በሚተረጎምበት ጊዜ ቀኑም መለወጥ አለበት። ቃሉ ተተርጉሞ ዓመቱ በእኛው አቆጣጠር እንዳለ ከቀረ፣ ትናንት የተጻፈ ደብዳቤ የብዙ ዓመት አሮጌ መስሎ ይታያል።

ቀኑ ደረሰ፤ ቪዛው አልመጣም፣ ወይም ተከለከለ

ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ነው። ለውሳኔ 15 ቀን የተለመደ ነው፤ ፋይሉ ምርመራ ካስፈለገው እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ቀጠሮ መጠበቁ ከዚህ ውጭ ስለሆነ ከጉዞው ሁለት ወር ተኩል በፊት መጀመር ይሻላል።

ከተከለከሉ፣ ከፓስፖርቱ ጋር የሚሰጥዎትን ምክንያት የተመለከተበት ወረቀት አይጣሉ። ምክንያቱ የሰነድ ጉድለት ከሆነ፣ ያንኑ አስተካክሎ አዲስ ማመልከት ከይግባኝ ይፈጥናል። ሰነዱ ሙሉ ሆኖ ተከልክያለሁ ካሉ ግን ውሳኔው በደረስዎ በ30 ቀን ውስጥ ናንት በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ ለሚገኘው የፈረንሳይ የቪዛ ክፍል ይግባኝ ይጻፉ፤ በፈረንሳይኛ፣ በፊርማ፣ ከመከልከያው ወረቀት ቅጂ ጋር። በሁለት ወር ውስጥ መልስ ካልመጣ ይግባኙ ውድቅ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የናንት አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው።