ህክምናው ወደ ስልክ እየመጣ ነው፤ ቤታችሁን እንዲህ አዘጋጁት

ስለ ቴክኖሎጂና ህክምና ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ሮቦት ነው። በቅርብ ዓመታት ብዙዎቻችንን የሚነካው ለውጥ ግን ሌላ ነው ባይ ነኝ። ልኬቱ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት እየገባ ነው። ግፊቱም ስኳሩም ሳሎን ውስጥ ይለካል፣ ቁጥሩ በስልክ ይላካል፣ ሐኪሙ ካለበት ሆኖ ያየዋል፣ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ደግሞ መሃል ገብቶ ይተነትነዋል። ይሄ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ከቤት የሚወጣው ቁጥር ልክ ከሆነ ነው። የተሳሳተ ቁጥር የሰጣችሁት ኤአይ የተሳሳተ መልስ ይሰጣችኋል፣ ያውም አፉን ሞልቶ። ስለዚህ ዝግጅቱ ከቤት ይጀምራል። በተለይ እናት አባታችሁ አገር ቤት ሆነው እናንተ ዋሽንግተን ወይ ዱባይ ከሆናችሁ ይሄ ለእናንተ ነው።

ከግፊት ጀምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ግምት ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉት ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ግፊት አለባቸው፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ እንዳለባቸው አያውቁም። ግፊት ሳያሳምም ልብንና ኩላሊትን ስለሚጎዳ ካልተለካ አይታወቅም።

መለኪያ ስትገዙ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረውን ተዉት፣ ክንድ ላይ የሚታሰረውን ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት የእናታችሁን ክንድ፣ በትከሻና በክርን መሃል፣ በልብስ ሰፊ ሜትር አስለኩ። ካርቶኑ ላይ ስንት ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ እንደሚሆን ተጽፏል። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ማሰሪያ ከተጠቀማችሁ ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ከፍ ብሎ ይነበባል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት ሞዴሉ በጥናት የተፈተነ መሆኑን ስትራይድ ቢፒ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ማየት ትችላላችሁ። መለኪያው ቤት ከደረሰ በኋላ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘውት ይሂዱና ከክሊኒኩ ጋር ያስተያዩት።

አለካኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ስለዚህ እዚህ ቀስ እንበል። ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና የለም። ሽንት ካለ መጀመሪያ ይሸናል። ከዚያ ጀርባ የሚያስደግፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እግር ሳያጣምሩ መሬት ረግጦ፣ 5 ደቂቃ ዝም ማለት። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል ይረፍ። ማሰሪያው ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፣ ሹራብ ላይ ወይ የተጠቀለለ እጅጌ ስር አይሆንም። ማውራትም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ኢሞ ላይ እያወራችሁ «እስቲ እማዬ አሁን ተለኪ» አትበሉ፤ ስልኩን ዝጉ፣ ትለካ፣ ከዚያ ደውሉ።

ጠዋት መድኃኒት ከመዋጡና ቁርስ ከመበላቱ በፊት ሁለት ጊዜ፣ በመሃል 1 ደቂቃ አርፎ። ማታም እንደዚያው። ለ7 ቀን። የመጀመሪያውን ቀን ጥሉና የቀሪውን አማካይ አውጡ። የቤት አማካይ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። አንድ ቀን ከፍ ስላለ ክኒን መጨመር፣ ዝቅ ስላለ ማቆም ግን ፈጽሞ አይሆንም። 180 በ120 ካለፈ ትንሽ አርፎ እንደገና መለካት ነው፤ ዝቅ ካላለ ሌላ ምልክት ባይኖርም ለሐኪሙ በዚያው ቀን ይደወል። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ወገን አካል መድከም ካለ ግን ለስልክ ቀጠሮ ጊዜ የለም። ቁጥሩ ስንትም ይሁን ወዲያው ሆስፒታል። አዲስ አበባ ከሆኑ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ማንም የማያነሳት አንዲት ነገር አለች፤ ሰዓቱ። አባታችሁ «በ2 ሰዓት ነው የምውጠው» ካሉ ጠዋት 2 ሰዓት ማለታቸው ነው። መድኃኒት የሚያስታውሰው የስልክ መተግበሪያ ላይ 2 ብላችሁ ከሞላችሁት ሌሊት ላይ ይጮህባቸዋል። በፈረንጅ ሰዓት 8 ብላችሁ ሙሉ። መለኪያው የሚያስቀምጠው ቀንም የፈረንጅ ነው፣ የሆስፒታሉ ካርድ ላይ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የእኛ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ጻፉ፣ ሰዓት ከመጻፍ ደግሞ «ጠዋት» እና «ማታ» ማለት ይሻላል። ጾም ሲገባም የመዋጫ ሰዓት ስለሚቀየር ሐኪሙን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የስኳር ቁጥርም እንዲሁ ያደናግራል። አገር ቤትና አሜሪካ በሚሊ ግራም ነው የሚነበበው፤ እንግሊዝና ሌሎች አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች በሚሊ ሞል። 7 ሚሊ ሞል ማለት 126 ሚሊ ግራም ነው፣ በ18 ማባዛት ብቻ ነው። ለንደን ያለ ልጅ እናቱ «126 ነው» ስትለው መደንገጥ የለበትም።

ወረቀቱን ደግሞ ፎቶ አንሱት። የላብራቶሪ ውጤት፣ ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጠው ማጠቃለያ፣ የክኒኑ ካርቶን። «ነጯ ክኒን» ለሐኪም ምንም አትነግረውም፣ «አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም» ግን ትነግረዋለች። መድኃኒት ሲቀየር የድሮውን ፎቶ «ቆሟል» ብላችሁ ለዩት።

አሁን ኤአይ ላይ እንምጣ። ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን ለማስረዳት ተጠቀሙባቸው፣ ለማዘዝ አይደለም። ፎቶውን ከመስቀላችሁ በፊት ስም፣ ስልክና የካርድ ቁጥር ቆርጣችሁ አውጡ። ከዚያ እንዲህ በሉት፦ «የ68 ዓመት ሴት ናት፣ ግፊት አለባት፣ አምሎዲፒን ትወስዳለች። ይሄን የኩላሊት ውጤት በቀላል አማርኛ አስረዳኝ። እርግጠኛ ያልሆንክበትን ለይተህ ንገረኝ። ሐኪሟን የምጠይቃቸውን 3 ጥያቄዎች ስጠኝ።» መልሱ ሲመጣ ቁጥሮቹን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ፣ አንዳንዴ የሌለ ነገር ፈጥሮ ያስገባልና። የመድኃኒት መጠን ከእሱ አትቀበሉ። ጥያቄዎቹ ናቸው ትልቁ ጥቅም፤ ሐኪሙ ፊት ስንቀርብ ልንጠይቅ ያሰብነው ሁሉ ስለሚጠፋብን።

ስማርት ሰዓት? የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2018 በአፕል ሰዓት ላይ የልብ ምት መዛባትን የሚለይ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ፈቅዷል፣ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ሳይወጋ ስኳር ይለካል እየተባለ የሚሸጠውን ሰዓትና ቀለበት አትግዙ። ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 እንዲህ ያለውን አንድም እንዳልፈቀደ አስጠንቅቋል፤ በዚያ ቁጥር ኢንሱሊን የወጋ ሰው ሊሞት ይችላል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ደግሞ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ኦክስጅኑን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያሳይ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። ይሄ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። ቁጥሩ ደህና ነው እያለ ሰውየው ትንፋሽ ካጠረው ሰውየውን እመኑ።

የስልክ ቀጠሮው ቀን ሲደርስ የ7 ቀኑን አማካይና የመድኃኒቱን ፎቶ ከአንድ ቀን በፊት ላኩ። መብራትም ኔትወርክም ሊጠፋ ስለሚችል ስልኩ ቻርጅ ይደረግ፣ ቪዲዮው ቢቆራረጥ ሐኪሙ የሚደውልበት ሌላ ቁጥርም ይስጡ። ቤት ውስጥ ስልክ የሚችል አንድ ሰው አጠገባቸው ይቀመጥ፤ ያ ሰው ግን ቁጥር ያንብብ እንጂ ስለ ሕመሙ እሳቸው ራሳቸው ይናገሩ።