ባክአፕ ኦን ነው ብላችሁ ብቻ እንዳትተኙ
ዊንዶውስ የምትጠቀሙ አንዴ ይሄን ቼክ አድርጉ፣ ፋይል ሂስትሪ (ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ አብሮ የሚመጣው የባክአፕ መሣሪያ) ኦን ስለሆነ ብቻ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሁሉ ይገለብጣል ማለት አይደለም። በራሱ የሚይዘው ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ቪዲዮስ ምናምን ነው፣ ዲ ድራይቭ ላይ ራሳችሁ ፎልደር ከፍታችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን እዛ ካስቀመጣችሁት ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ኤረር እንኳን አያሳያችሁም!! ፎልደሩን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ላይብረሪ (ዊንዶውስ የተለያዩ ፎልደሮችን አንድ ላይ የሚያሳይበት ስብስብ) ውስጥ ካስገባችሁት ግን ይይዘዋል።

ሌላው ደሞ ፎልደር እንጂ ነጠላ ፋይል አያስመርጥም፣ "የወርድ ፋይሎቹን ብቻ ያዝልኝ ቪዲዮዎቹን ተዋቸው" ማለት አይቻልም። የማኩ ባክአፕ ታይም ማሽንም ሁሉንም ይይዝና እናንተ የማትፈልጉትን ነው የምታስወጡት። በፋይል ዓይነት መምረጥ የግድ ከሆነባችሁ እዛው ዊንዶውስ ውስጥ ሮቦኮፒ የሚባል ፋይል መገልበጫ አለ፣ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ በጽሑፍ ነው የሚታዘዘው፣ የወርዶቹን ኤክስቴንሽን (ከስማቸው መጨረሻ ያለውን .docx) ከሰጣችሁት እነሱን ብቻ ለቅሞ ይገለብጣል። ሚረር የሚለውን አማራጭ ግን ሳታውቁት እንዳትነኩ፣ መነሻው ላይ የሌለውን ፋይል ከመድረሻው ዲስክ ያጠፋዋል።

ለማንኛውም አሁኑኑ ባክአፑ ያለበትን ኤክስተርናል ዲስክ ሰክታችሁ በጣም የምትሳሱለትን አንድ ፋይል እዛ ላይ ፈልጉና በደንብ መከፈቱን እዩ።