ለአር 36 ኤስ የትኛውን ሲስተም ልጫን? ከዚያ በፊት ግን አንዲት ፋይል ቅዱ

ስክሪኑ ጥቁር ነው። የታች ቁልፉን ስጫን ግን «ጢክ» ይላል። ደግሜ ስጫን፣ ጢክ። ሜኑው ውስጥ ነው ያለሁት፤ አንዱን ጌም አልፌ ወደ ሌላው እየሄድኩ ነው። የማየው ነገር ግን የለም። የእኔ አር 36 ኤስ ከ2016 ፋሲካ እስከ ሐምሌ እንዲህ ሆና ደብረ ማርቆስ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ተጋድማ ከረመች።

አሁን የሰፈር ልጆች ማሽናቸውን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ሁሌ አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ የትኛው ሲስተም ነው ቆንጆ?» ቆንጆውን ተዉትና መጀመሪያ ማሽናችሁ የቱን እንደሚቀበል እንወቅ እላቸዋለሁ።

ለማያውቃት፣ አር 36 ኤስ ባለ 3.5 ኢንች ስክሪን፣ ባለ 1 ጊጋባይት ራም የእጅ ጌም ኮምፒውተር ናት። ስክሪኗ 640 በ480 ነው። የምትሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ነው። ዋይፋይ የላትም። ቺፗ ሮክቺፕ አርኬ 3326 ይባላል፤ አዲስ አይደለም። ሃርድከርነል የተባለው የኮሪያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ኦድሮይድ ጎ አድቫንስን ያወጣው በዚሁ ቺፕ ነበር። ያኔ በትርፍ ጊዜያቸው ሲስተም የሚሠሩ ሰዎች ተሰባሰቡባት። አር 36 ኤስ የእነሱን ድካም ወርሳ ነው በርካሽ ዋጋ እንዲህ የተወደደችው። ፋብሪካው ሸጦ ይሄዳል፤ ሲስተሙን የሚያድሰውና ስህተቱን የሚያርመው ማኅበረሰቡ ነው። ዋስትና ምናምን አትጠብቁ።

1. ካርዱን አውጡና ውስጡ ያለውን ቅዱ

ሲስተሙ ያለው ማሽኗ ውስጥ አይደለም። ቲኤፍ 1 የሚለው ቀዳዳ ውስጥ በገባው ትንሽዬ ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። ይሄ ደስ ይላል። ሌላ ካርድ ብትከቱ ሌላ ሲስተም ይነሳል፤ የድሮውን ብትመልሱ የድሮው። ማሽኗን ለመግደል ይከብዳል ማለት ነው። እኔ ግን ሞክሬ ነበር።

የአጎቴ ልጅ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ማሽኗን፣ ከእሷም ጋር አርክኦኤስ የሚባለውን ሲስተም በፍላሽ ይዞልኝ መጣ። ሁለተኛ ካርድ አልነበረኝም። «ምን ችግር አለው» ብዬ አዲሱን ሲስተም አብሯት በመጣው ካርድ ላይ ጻፍኩበት። የድሮው ጠፋ። ስከፍታት ጥቁር። ጢክ፣ ጢክ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቲቪ በኤችዲኤምአይ ስትሰኩ ቲቪው ራሱን ለኮምፒውተሩ ያስተዋውቃል። የእነዚህ ማሽኖች ስክሪን ግን «እኔ እገሌ ነኝ» አይልም፤ ዝም ነው። እንዴት እንደሚቀሰቀስ ሲስተሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ይህ የተጻፈው ካርዱ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ፋይል ውስጥ ነው። ስሟ በነጥብ ዲቲቢ ያልቃል። ፋብሪካው ደግሞ በጊዜው ያገኘውን ስክሪን ነው የሚገጥመው። ካርቶኑ አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ስክሪኑ ሌላ። ባጃጅ ያለው ሰው ይሄን ያውቃል፤ ሞዴሉ አንድ ነው ተብሎ የገዛው መለዋወጫ አልገጥም ሲለው።

እና ለእናንተ ስክሪን የምትሆነው ዲቲቢ በእርግጠኝነት ያለችው አብሮ በመጣው ካርድ ላይ ነው። እኔ ያጠፋሁት እሷን ነው። ያኔ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ስላልነበረ ሌላ ፈልጌ ላወርድ አልቻልኩም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ማሽኗን አጥፉ፣ ካርዱን በካርድ ሪደር ላፕቶፕ ላይ ሰኩ። ዊንዶውስ «ይህ ዲስክ ፎርማት ካልተደረገ አይሠራም» የሚል መስኮት ያወጣል። አንዳንዴ ሁለት ሦስት ያወጣል። አትመኑት፣ ካንስል በሉት። ካርዱ ላይ ያለውን የሊኑክስ ክፍል ማንበብ ስለማይችል ነው እንጂ ካርዱ ጤነኛ ነው። አንድ ልጅ ይህን መስኮት አምኖ «እሺ» ሲል ዓይኔ እያየ ሁሉም ነገር ሄደ።

ከሚከፈቱት ክፍሎች ቡት የሚል ስም ያለውን ግቡበት። ውስጡ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ ቅዱ። ዲቲቢዋን ብቻ አይደለም፤ ቡት ኢኒ የምትባለዋንም፣ ሁሉንም። ከዚያ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ላፕቶፕም ይበላሻል።

ቡት የሚባል ነገር ከሌለ፣ ወይም ውስጡ ያለው እዚህ ከምለው ጋር ጨርሶ ካልተመሳሰለ፣ የገዛችሁት አስመስሎ የተሠራ ሌላ ቦርድ ሊሆን ይችላል። ከውጭ አይለይም። የተለመደው የአር 36 ኤስ ኢሜጅ (ካርድ ላይ የሚጻፈው የሲስተም ፋይል) እዚያ ላይ አልነሳም ሊል ይችላል። እንዲህ ከሆነ ለዚያ ቦርድ ተብሎ የተሠራውን ብቻ ፈልጉ፤ ካጣችሁም ባለው ተጫወቱ።

2. አሁን ምረጡ

ምርጫው ዩቲዩብ ላይ እንደሚታየው ሰፊ አይደለም። ኢሜጅ የሚሠራው ለቺፕ ነው። ሙኦኤስና ክኑሊ ስማቸው ጥሩ ነው፤ የሚታወቁት ግን ኤች 700 ቺፕ ባላቸው፣ እንደ አንበርኒክ አርጂ 35 ኤክስኤክስ ኤች ባሉ ማሽኖች ላይ ነው። አምሯችሁ ለእነዚያ ማሽኖች የተሠራውን ብታወርዱ ዳታችሁ ብቻ ነው የሚያልቀው። ለእኛ የሚቀሩት በዋናነት ሁለት ናቸው።

አርክኦኤስ ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ የተሠራ ነው። ከርነሉ፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ አሮጌ ነው፣ 4.4። ቴክኖሎጂ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ይሄን ሲሰሙ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። እኔ የምወደው በዚሁ እርጅናው ነው። አብሮ የሚመጣው ካርድ ላይ ያለው ሲስተም ብዙ ጊዜ የዚሁ ዘር ስለሆነ ያስቀመጣችኋትን ዲቲቢ እንዳለች ይቀበላታል። ቀድቶ መለጠፍ ነው። ስትሞክሩ የመጀመሪያችሁ ከሆነ፣ ወይም ማሽኗ የልጅ መጫወቻ ከሆነች፣ ሌላ አታስቡ። ዴቢያን በሚባለው ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ላይ የቆመ ዲአርክኦኤስ የሚባል ታናሽ ወንድምም አለው።

ሮክኒክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራው ከቆመው ጄሎስ የወጣ ነው። ከርነሉ አዲስ ነው። ሲስተሙ ያለበት ክፍል የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት ስላልሆነ ማሽኗ ድንገት ብትጠፋ በቀላሉ አይበላሽም። አዲስ እትም ሲወጣም ፋይሉን አፕዴት የሚለው ፎልደር ውስጥ ጥሎ ማስነሳት ነው። ንጹሕ ሥራ ነው፣ አልክድም። ጣጣው ያው ስክሪኑ ነው። አዲሱ ከርነል የድሮዋን ዲቲቢ እንዳለች አይረዳትም። ከእሷ ውስጥ ስለ ስክሪኑ የሚናገረውን ብቻ ነጥሎ ኦቨርሌይ የሚባል ፋይል ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ማዘጋጃው ኢንተርኔት ላይ አለ። ግን መጀመሪያ የድሮዋን ዲቲቢ አምጡ ይላችኋል። ዞሮ ዞሮ አንደኛው ላይ የቀዳችኋት ፋይል ናት።

አንድሮይድም ይጫንባታል። በ1 ጊጋ ራም አንድሮይድ ማለት ሁለት ኩንታል ጤፍ በአንድ አህያ ነው። ትሄዳለች፤ ግን እዘኑላት።

ሌላው ደግሞ፣ ሲስተም ቀይሮ ቺፕ ማፍጠን አይቻልም። እስከ ፕሌይስቴሽን 1 ድረስ ሁለቱም አንጀት ያርሳሉ። ኒንቴንዶ 64ና ፒኤስፒ ላይ አንዳንዱ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ይንገዳገዳል። «በሮክኒክስ ሁሉም ፒኤስፒ ይሠራል» የሚላችሁን አትስሙት።

3. ካርድ ግዙ፣ ግን ፈትኑት

ለሲስተሙ 16 ወይም 32 ጊጋ ይበቃል። አብሮ የሚመጣው ስም የለሽ ካርድ ላይ አትመኩ፤ እሱ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ።

ገበያ ላይ 64 ጊጋ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ውስጡ ግን 8 የሆነ ካርድ ሞልቷል። አንዱን እኔም ገዝቻለሁ። ኮምፒውተሩ ራሱ 64 ነው ይላል፤ የሚታወቀው ስትሞሉት ነው። ኤች 2 ቴስት ደብሊው የሚባል ትንሽ ነፃ ፕሮግራም አለ። ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነባል። ሁለት ሦስት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ማታ ጀምራችሁ ተኙ።

4. ጻፉት

መጻፊያው ፕሮግራም ባሌና ኤቸር ወይም ሩፉስ ነው። ሁሉም ኤቸርን ይመክራል። እኔ ሩፉስን ነው የምለው፤ ኤቸርን ለማውረድ ከመቶ ሜጋ በላይ ይበላል፣ ሩፉስ ጥቂት ሜጋ ነው። ዳታ በካርድ ለሚሞላ ሰው ይሄ ቀላል ልዩነት አይደለም። ኤቸር የሚበልጠው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ በትክክል መጻፉን ስለሚያረጋግጥ ነው። ካርዳችሁን ካላመናችሁት እሱን ተጠቀሙ፤ ማረጋገጫውን ግን ሰልችቷችሁ አትዝለሉት። ኢሜጁ በ7ዚፕ ታሽጎ ከመጣ መጀመሪያ ፍቱት።

ባትሪው የሞላ ላፕቶፕ ላይ ሥሩ። እኔ አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ቤት ሄጄ ዴስክቶፕ ላይ እየጻፍኩ 80 ፐርሰንት ሲደርስ መብራት ሄደ። ካርዱ አይሞትም፣ እንደገና መጻፍ ነው። ግን ያ ሰዓትና ያ ሂሳብ ሄደ።

እና ስትመርጡ ካርዱን ምረጡ። ውጫዊ ሃርድ ዲስካችሁ አብሮ ተሰክቶ ከሆነ አሁኑኑ ንቀሉት።

5. ዲቲቢዋን መልሱ፣ ከዚያ አስነሱ

ተጽፎ ሲያልቅ የፎርማቱ መስኮት ተመልሶ ይመጣል። ካንስል። ሮክኒክስን የጻፋችሁ ያው ኦቨርሌዩን ነው የምታዘጋጁት፤ ይህ ለአርክኦኤስ ነው። ካርዱን ነቅላችሁ ሰኩት፣ ቡት የሚለውን ክፈቱ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት መመሪያዎች ሁሉ «ዲቲቢውን ተካ» ብለው ያልፋሉ። የሚያደናቅፈው ስሙ ነው። የእናንተ ፋይል አንድ ስም አላት፣ አዲሱ ሲስተም የሚፈልገው ሌላ ስም ሊሆን ይችላል። ቡት ኢኒን በኖትፓድ ክፈቷት። ውስጧ ስሙ በዲቲቢ የሚያልቅ ፋይል ትጠራለች። የእናንተን ፋይል በዚያ ስም ሰይሙና በነባሩ ላይ ለጥፉ። አንዲት ፊደል ብትሳሳቱ ማሽኗ ፋይሏን አታገኛትም።

ዲቲቢዋ ለጠፋባችሁ፣ ማለትም ለእኔ ዓይነቶቹ፣ ማኅበረሰቡ የሚታወቁትን ስክሪኖች ፓነል 1፣ ፓነል 2 እያለ በቁጥር ለይቶ አስቀምጧል። ከአንድ ጀምሮ መሞከር ነው። ጎረቤቴ ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄድ ምን እንደሚያወርድልኝ ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። በፍላሽ ይዞልኝ የአባይን በረሃ ተሻግሮ መጣ። ፓነል 1፣ ጥቁር። 2፣ ጥቁር። 3 ላይ ስክሪኑ በራ፣ ግን ከነጭ መስመር ሌላ ምንም የለውም። 4ን ለጥፌ ስከፍት ሜኑው ፍንትው አለ። እናቴ ከጓዳ «ምን ሆንክ?» ብላ ወጣች፤ ጮኼ ነበር መሰለኝ።

አርክኦኤስ መጀመሪያ ሲነሳ ካርዱ ላይ የያዘውን ቦታ ያሰፋል፣ ጽሑፍ ይደረድራል፣ ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። ደቂቃዎች ይወስዳል። አትንኩት። ባትሪው አስቀድሞ ሙሉ ይሁን። ለቻርጅ የድሮውን ዓይነት ባለ 5 ቮልት ቻርጀር ተጠቀሙ፤ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ ላይ እምቢ ልትል ትችላለች።

6. ጌሞቹ

ጌሞቹን በሁለተኛው ካርድ ላይ አድርጉ፣ ቲኤፍ 2 ውስጥ። አርክኦኤስ ላይ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ አድቫንስድ፣ ከዚያ «ስዊች ቱ ኤስዲ 2 ፎር ሮምስ» የሚለውን ተጫኑ። ነገ ሲስተሙ ቢበላሽ ጌማችሁና ሴቭ ያደረጋችሁት አይነካም።

አብሮ በመጣው ካርድ ላይ በሺህ የሚቆጠር ጌም ታገኛላችሁ። ባለቤት ያላቸው ናቸው፤ ማንም አስፈቅዶ አልጫናቸውም። በነፃ የተለቀቁም አሉ። ፖርትማስተር የሚባለው የጌም ማውረጃ በሁለቱም ሲስተሞች ላይ ይሠራል፤ እንደ ፍሪዱም ያሉ ነፃ ጌሞችን በእሱ በኩል ማግኘት ይቻላል። ማሽኗ ግን ዋይፋይ ስለሌላት ኦቲጂ በሚለው ቀዳዳ የዋይፋይ ዶንግል (ትንሽ የዋይፋይ መቀበያ) መሰካት፣ አለዚያም ፋይሎቹን በላፕቶፕ አውርዶ መጫን አለባችሁ።

ስትጨርሱ ከሜኑው አጥፉ። ቁልፉን ይዞ ማነቅ፣ በተለይ አርክኦኤስ ላይ፣ ካርድ ያበላሻል።

የድሮውን ካርድ በወረቀት ጠቅልላችሁ «አር 36 ኤስ፣ አይነካ» ብላችሁ ጻፉበት። የእኔ ባዶ ቢሆንም ከዚያ በኋላ የገዛኋት የሁለተኛዋ ማሽን ካርድ ከቤቱ ካርታ ጋር ነው የተቀመጠው።